የሙያ ምክር፦ በእንጨት ፎቅ እንጀራ ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ ሳቢያን ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ውጭ አገር 18 እና 25 ፎቅ መኖሪያ በእንጨት እንደሚሠራ፣ መንግሥታትም ይፈቀድ አይፈቀድ እያሉ እንደሚከራከሩ አነበብኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሥራ ብል የክፍሌ ልጆች ‹ላም አለኝ በሰማይ› ብለው ሳቁብኝ። አባቴም ‹እኔ ከመጋዝ ላውጣሽ ብዬ ባስተምርሽ ተመልሰሽ እንጨት?› አለኝ። ሥራ አገኝበታለሁ ወይስ ጊዜዬን ነው የማባክነው? ቀጥሎ ኢንተርንሺፕ እወጣለሁ፤ የት ልግባ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የክፍልሽ ልጆች ግማሽ እውነት አላቸው። ተመርቀሽ ስትወጪ «የእንጨት ፎቅ መሐንዲስ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ድሬ ላይ አይጠብቅሽም። ርዕሱን የመረጥሽው በዚህ ተስፋ ከሆነ ተይው። ግን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንቺን የያዘሽ እንጨቱ ብቻ አልመሰለኝም። «ይከራከራሉ» ያልሽው ነው። ሥራውም ያለው እዚያ ጋ ነው።

በእንጨት ፎቅ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል። ለንደን ውስጥ መሪ ግሮቭ በሚባል መንገድ ላይ ባለ 9 ፎቅ መኖሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ቆሟል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ቫንኩቨር ያለው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ባለ 18 ፎቅ የተማሪ ማደሪያ ከፍቷል። አሜሪካ ሚልዋኪ ላይ ደግሞ 25 ፎቅ ያለው አሴንት በ2022 ተጠናቋል። የቀረው ጭቅጭቅ እስከ ስንት ፎቅ ይፈቀድ፣ ማን ይፈትሽ፣ ከተቃጠለ ማን ይጠየቅ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አገሮቹ በየፊናቸው ሄደዋል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2009 የእንጨት መኖሪያን ከ4 ወደ 6 ፎቅ ከፍ አደረገች። የካናዳ ብሔራዊ የሕንፃ ኮድ፣ ማለትም የግንባታ ደንቡ፣ በ2020 እትሙ 12 ፎቅ ፈቀደ። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ የ2021 እትም እንጨቱ በሙሉ በእሳት መከላከያ ሰሌዳ ከተሸፈነ እስከ 18 ፎቅ ይላል። እንግሊዝ ግን ወደ ኋላ ተመለሰች። በ2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ። እሳቱን ያዛመተው ፕላስቲክ የያዘ የአልሙኒየም ልባስ ነበር። ሕንፃውም የአርማታ ነው። ሆኖም በ2018 መጨረሻ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ መኖሪያዎች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቀጣጠል ነገር በሙሉ ሲከለከል የእንጨት ግድግዳም አብሮ ተከለከለ። የእንጨት ሰዎች «እኛ ምን አጠፋን?» አሉ። የእሳት አደጋ ሰዎች «ሰው አልቋል፣ አትቀልዱ» አሉ።

እኔን ከጠየቅሽኝ የእሳት ሰዎቹ ቢዘገዩ አልፈርድባቸውም። ዕቃን በስሙ ብቻ መከልከል ግን ስንፍና ይመስለኛል። ስዊድንን ተመልከቺ። ድሮ ከተሞቿ በእሳት ስለነደዱባት ከሁለት ፎቅ በላይ በእንጨት መሥራት ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕጉን ቀየረችው። «ከምን ተሠራ?» የሚለውን ትታ «እሳት ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆማል?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ይቺን ነጥብ ያዥልኝ። ሕግ እንዲህ ሲለወጥ ደቂቃዋን የሚያሰላና የሚፈትን ሰው የግድ ያስፈልጋል። ያ ሰው መሆን ትችያለሽ። ሙያው የእሳት ምህንድስና ይባላል፤ ለአርማታውም ለብረቱም ያው ነው።

ደቂቃዋ እንዴት እንደምትሰላ በእጅሽ ማየት ትችያለሽ። አባትሽ ቤት ካለው ቁርጥራጭ ወፈር ያለ የጥድ ግንድ ለምኚ። ሜዳ ላይ፣ ባልዲ ውሃ አጠገብሽ አድርገሽ፣ እሳት ውስጥ ይቆይ። ከዚያ አጥፍተሽ መሐሉን በመጋዝ ቁረጪው። ዳር ዳሩ ጥቁር ከሰል ነው። ቀጥሎ ቀጭን ቡናማ መስመር ታያለሽ። ከሱ ወዲያ እንጨቱ ቀለሙም ሽታውም እንደነበረ ነው። ከሰሉ ራሱ ውስጡን ይከልልለታል። የአውሮፓው ኮድ ለለስላሳ እንጨት ከሰሉ በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ብሎ ያሰላል። በአንድ ሰዓት 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ኮለኑን ስትነድፊ ያን ያህል ለእሳት ትተዪለታለሽ፤ ጭነቱን የቀረው ይሸከማል። ብረት አይነድም ብለን እንኮራበታለን፤ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ግን ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

ይህን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው እንጨት አምላኪ የሚሆኑ ልጆች አሉ። አንቺ እንዳትሆኚ። ትልልቆቹ የእንጨት ግድግዳና ሶሌታዎች አንድ ወጥ ግንድ አይደሉም። ሲኤልቲ የሚባለው ጣውላ በጣውላ ላይ በመስቀለኛ ተደራርቦ በሙጫ የሚጣበቅ ነው። ሙጫው በሙቀት ሲላላ የተቃጠለው ንብር ተልጦ ይወድቃል። አዲስ እንጨት ይጋለጣል። ሊጠፋ የነበረው እሳት እንደገና ይነሳል። ይህ በሙከራ ስለታየ የሰሜን አሜሪካው የሲኤልቲ ደረጃ በ2018 ሙጫው ራሱ በእሳት እንዲፈተን አስገድዷል። የኮላ ነገር ለአባትሽ አዲስ አይደለም። የትኛው በድሬ ሙቀት እንደሚለቅ፣ የትኛው እርጥብ ጣውላ ላይ አልይዝ እንደሚል ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። «ተመልሰሽ እንጨት?» ያለሽም ያኔ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

የካርቦኑንም ክርክር ትሰሚያለሽ። ሲሚንቶ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶውን ይይዛል ይባላል፤ እንጨት ግን ካርቦን ያምቃል። እውነት ነው፣ የተቆረጠው ቦታ ላይ ከተተከለ። ካልተተከለ ወሬ ነው። ደግሞ ከሁለቱም ወገን ጀርባ ኪስ አለ። የሲሚንቶውም የጣውላውም ማኅበራት ለባለሥልጣን ጆሮ ቅርብ ናቸው። ሪፖርት ስታነቢ መጀመሪያ ማን ከፈለ ብለሽ እዪ።

ወደ ቤታችን ልመልስሽ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተተከለው እዚሁ ድሬ ነው። እኛ የአርማታ ልጆች ነን፣ አቦ! እንጨቱ ባሕር ዛፍ ሆኖ ከካሳፎርማው (አርማታው ከሚፈስበት ቅርጽ) ሥር ሶሌታውን ይደግፍና አርማታው ሲደርቅ ይጣላል። ይሁንና የአገራችን የሕንፃ ኮድ እንጨትን አልረሳም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮዱ ክፍል፣ ኢቢሲኤስ 5፣ ስለ እንጨት ነበር። አሁን ያለው የ2015 ደረጃም ኢኤስ ኢኤን 1995 የሚል የእንጨት ክፍል አለው (ይሄኛው 1995 የክፍሉ ቁጥር እንጂ ዓመት አይደለም)። የክፍልሽ ልጆች ከፍተውት ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። አንቺ ግን የእሳቱን ክፍል ጨምረሽ አንብቢው። ኮዱ የተቀዳው ከአውሮፓ ነው፤ የአውሮፓ ዛፍ ደግሞ የኛ ባሕር ዛፍ አይደለም። የኛው ይጣመማል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምስጡን አልነሳሁትም።

ስለዚህ «ከፍተኛ የእንጨት ሕንፃ በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ አታስመዝግቢ። አማካሪሽ ገና ከበሩ ይመልሱሻል፣ ደግም ያደርጋሉ። አጥብቢው። ከአንድ አካባቢ የመጣ ባሕር ዛፍ ደርቆና ተጣብቆ ሲታጠፍ ምን ያህል ይሸከማል? ኮዱ ከሚያውቃቸው የጥንካሬ ደረጃዎች የትኛው ውስጥ ይገባል? ይህ በአንድ ዓመት ያልቃል። ነገ ኮዱን የሚያሻሽል ኮሚቴ ቢቀመጥም ፈልጎ የሚያጣው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ ሐረር ውጪ። ጀጎል ውስጥ የህንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው፣ ሰገነታቸው መንገዱን የሚያይ ባለ ደርብ ቤቶች አሉ። ሰገነቱ ያምራል፤ አንቺ ግን አግዳሚው ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ እዪ። እርጥበትም ምስጥም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ፎቶ አንሺ፤ ለጽሑፍሽ መግቢያ ይሆንሻል።

ኢንተርንሺፑን አርማታ ሳይት ላይ ውጪ። አትከፊ። እነዚያ የእንጨት ማማዎች እግራቸው አርማታ ነው። የቫንኩቨሩ ምድር ቤቱና ሁለቱ የደረጃና የሊፍት ማማዎቹ አርማታ ናቸው። የሚልዋኪው 19 የእንጨት ፎቅ 6 የአርማታ ፎቅ ላይ ተቀምጧል። ኖርዌይ ያለው 85 ሜትሩ ሚዮስቶርኔት ደግሞ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ በነፋስ እንዳይወዛወዝ ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ የአርማታ ወለል ተጭኖበታል። ፌሮ ሲታሰር፣ ሶሌታ ሲሞላ ያላየ መሐንዲስ ሁለቱን ማገናኘት አይችልም። ቀላልነቱ ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን ይጠቅማል። በ2024 መጨረሻ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያነቃንቅ አይተናል፤ እኛም ከስምጥ ሸለቆው ሩቅ አይደለንም። ስለዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ ኮርስሽን በሲ አትለፊው።

ስትመረቂ ይህ ዕውቀት የሚሸጠው አማካሪ ድርጅት፣ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት እና ኢንሹራንስ ዘንድ ነው። ሦስቱም ጋ ፕላን አይቶ «ይህ በእሳት ጊዜ ስንት ደቂቃ ይቆማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። የጀማሪ ደመወዙ ያው የሁሉም ጀማሪ ነው፤ በዚህ አላታልልሽም። ማስተርስ ስታስቢ የእሳት ደህንነት ያለበትን የስትራክቸር ትምህርት አስቀድሚ።

ርዕሱን ከማስመዝገብሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ላብራቶሪው ውስጥ የመታጠፍ ፈተና የሚሠራው ማሽን ሥራ ላይ መሆኑን ቴክኒሻኑን ራሱን ጠይቂ፤ ወረቀት ላይ «አለ» ቢባል አትመኚ። ከሌለ ሐሮማያን ጠይቂ፤ ደብዳቤውን አሁኑኑ አጽፊ፣ ፊርማ እስኪዞር ወር ይፈጃል።