ለሚያድግ ትልቅ ውሻ ቫይታሚን ልስጠው ወይ? ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በእንስሳት ሕክምና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ በግና ላም ነበር። አሁን ግቢ ያለው ሁሉ ጀርመን ሸፐርድ ወይም ሌላ ትልቅ ውሻ ማሳደግ ጀምሯል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ቫይታሚን ልግዛለት?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ይበላል?» ብዬ ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ ልመልስ።

«ዶክተር፣ የ3 ወር ጀርመን ሸፐርድ አለኝ። የታሸገ የቡችላ ምግብ ነው የሚበላው። አጥንቱ እንዲጠነክር የካልሲየም ዱቄት ልነስንስበት?» (ደብረ ብርሃን)

አይሆንም፣ ተወው። ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩት በብዛት ሲያጠፋ የማየው ይህ ልማድ ስለሆነ ነው።

ያደገ ውሻ ካልሲየም ሲበዛበት አንጀቱ የሚፈልገውን ያህል ወስዶ ሌላውን ያስወጣዋል። ቡችላ ግን፣ በተለይ 6 ወር እስኪሞላው፣ እንዲህ የመምረጥ አቅም የለውም። ከተሰጠው ውስጥ ብዙውን ወደ ደሙ ያስገባዋል። ትርፉ ካልሲየም አጥንቱን አያጠነክርም። ለስላሳው የአጥንት ጫፍ ወደ ጠንካራ አጥንት የሚለወጥበትን ሂደት ያዛባል። ከዚያ የፊት እግር ይጣመማል፣ ትከሻና ክርን ያማል፣ ውሻው ገና ዓመት ሳይሞላው ያነክሳል። ትንንሽ ዝርያዎች ይህን ስህተት በተሻለ ይችሉታል። በጥቂት ወራት 30 እና 40 ኪሎ የሚደርሰው ግን አይችለውም።

ከረጢቱን ገልብጠህ አንብብ። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የተዘጋጀ ከሆነ ካልሲየሙ በደረቅ ክብደት (በምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቆጠር) ከ1.2 እስከ 1.8 በመቶ መሆን አለበት። ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ማነስ የለበትም፤ ከእጥፉም መብለጥ የለበትም። ይህ ካለው ቫይታሚኑም ካልሲየሙም ተመጥኖ ገብቶበታል። አንተ የምትጨምርበት ውሃ ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ መንዝ ነኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ትልቅ የሚሆን ቡችላ አመጣልኝ። የታሸገ ምግብ እዚህ የት ይገኛል? እኛ የምንበላውን እንጀራ በሽሮ ነው የምሰጠው። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ገባ። ከሳብኝ፤ ቫይታሚን ይሻለው ይሆን?» (መሐል ሜዳ)

እናቴ፣ እንኳን ጠየቁኝ። እሱ ያጣው ምግብ ነው፤ ቫይታሚኑ ይቆይ። የቤቱ ሰው 55 ቀን ይጾማል፣ ቡችላው ግን ቶሎ የሚያድግበት ወቅት ላይ ነው ያለው። ሁለት ወር ገደማ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ ከቆየ፣ ያጣውን በኋላ በክኒን መመለስ ያስቸግራል።

ሽሮውን ይተዉለት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ በርበሬውና ጨውም አይስማማውም። ለብቻው ትንሽ ድስት ይጣዱለት። ገብስ ወይም ሩዝ እስኪፈርስ ይቀቀል። በቀን አንድ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ትንሽ ካሮት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ይግባበት። ሥጋ ሲገኝ ወይም ከሥጋ ቤት ጨጓራ ሲመጣ ቀቅለው ይጨምሩለት። እርጎ ካልበዛ ጥሩ ነው። ወተት ብዙ ቡችላ ያስቀምጣል፤ ካስቀመጠው ያቁሙት።

በእንዲህ ያለ ምግብ ላይ ነው ካልሲየም መጨመር ያለበት። የእንቁላሉን ቅርፊት አይጣሉት። ይቀቅሉት፣ ያድርቁት፣ ቡና በሚወቅጡበት ሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይውቀጡትና በወንፊት ይንፉት። ለግማሽ ኪሎ የበሰለ ምግብ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ይበቃል። ሙሉ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስላለው እጅዎ እንዳይበዛ። በወር አንዴ ደግሞ በቅርብ ላለው የእንስሳት ጤና ኬላ ያሳዩት። የቤት ምግብ ብቻውን ለዓመት ተመጥኖ መቀጠሉ ከባድ ስለሆነ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ከከሳ ደግሞ ወስፋት አለበት ማለት ነው ብለው ይጠርጥሩ። ቡችላ ወስፋት ይዞ ነው የሚወለደው፤ ከእናቱ ማህፀንና ወተት ይተላለፍበታል። መድኃኒቱን ከተወለደ በ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት፣ ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ መውሰድ አለበት። ትል የሚበላውን ምግብ ቫይታሚን አይተካውም።

«ጆሮው አልቆመም። 4 ወሩ ነው። ካልሲየም ቢያገኝ ይቆማል ይባላል።» (ደብረ ሲና)

ጆሮ የሚቆመው በካልሲየም አይደለም። በ4 እና በ5 ወር ጥርስ ሲቀይር ቆሞ የነበረው ጆሮ እንኳ ይወድቃል፤ ጥርሱን ቀይሮ ሲጨርስ ይመለሳል። እስከ 6 እና 7 ወር ታገስ። ከወላጆቹ የወረሰው ለስላሳ ጆሮ ከሆነም ውሻነቱ አይጎድልም።

«ለበጎቻችን የገዛነው ኤ-ዲ-3-ኢ የሚባል የመርፌ ቫይታሚን ተርፏል። ጎረቤቴ ለውሻውም ወግቶት አማረበት አለኝ።» (ሸኖ)

እባክህ አትውጋው። ይህን ስጽፍ እጄ ላይ የሞተ ቡችላ ትዝ ይለኛል። 11 ኪሎ ነበር። ሰውየው ለጥጃ የሚሰጠውን ያህል ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ልዩነት ወግቶታል። ቡችላው ሲመጣ ከውሃ ሳህኑ አይነሳም ነበር፤ ይጠጣል፣ ያስመልሳል፣ ይሸናል። ባለቤቱ «ለጤናው ብዬ ነው» እያለ ያለቅስ ነበር። ኩላሊቱን ማዳን አልተቻለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በትላልቅ ከብት ልክ በተዘጋጀ ጠርሙስ ውስጥ አንዱ ሚሊ ሊትር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት ቫይታሚን ዲ ሊይዝ ይችላል። ለሚያድግ ቡችላ በቀን የሚያስፈልገው በመቶዎች ነው። ቢ እና ሲ በውሃ ስለሚሟሙ ትርፋቸው በሽንት ይወጣል። ኤ እና ዲ ግን በስብ ነው የሚሟሙት፤ ጉበትና ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ። የጎረቤትህ ውሻ ስላማረበት ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ውሃ መጠጣት ከጀመረ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

«እኛ ጋ ፀሐይ ሞልቷል። ዲ ከፀሐይ አያገኝም?» (ሸዋ ሮቢት)

ሰው ያገኛል፣ ውሻ ግን ቆዳው በበቂ ሁኔታ አይሠራውም። ከእንቁላል አስኳል፣ ከጉበትና ከዓሣ ነው የሚያገኘው። ፀሐዩ ላይ ይልቅ ጥላና ውሃ አዘጋጅለት።

«ሥጋ ቤት ነው ያለን። ቡችላው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው፣ በየቀኑ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?» (ደብረ ብርሃን)

አጥንት የሚሠራ ነገር ያስፈልገዋል። ቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ሰውነቱ ደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ለማመጣጠን ከራሱ አጥንት ይበደራል፤ አጥንቱ ይሳሳል።

አንድ ጊዜ የ4 ወር ቡችላ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ሥጋ ብቻ ነበር ያደገበት። ፀጉሩ ያበራል፣ ፊቱ ደስ ይላል፣ የኋላ እግሩን ስነካው ግን ይጮሃል። ከሶፋ ወርዶ ነው የተሰበረው፣ ከሶፋ ብቻ። ምግቡ ተስተካክሎ፣ ጠባብ ቦታ ታስሮ አረፈ። ከሳምንታት በኋላ ቆመ። ስለዚህ ሥጋውን አትከልክሉት፣ ግን ለእናታችን ለመሐል ሜዳዋ እንደነገርኳቸው ከእህልና ከቅርፊት ዱቄት ጋር አድርጉት።

ጉበት ከምግቡ አሥር እጅ አንዱን አይለፍ፤ ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል። ሌላም ነገር አለ። በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ታያላችሁ። ያንን ጥሬውን ለውሻ አትጣሉት። ውሻው ውስጥ ትንሽዬ ኮሶ ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆች ይገባል፣ ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ውሃ ይቋጥራል። ቋጥሮ ያያችሁትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ጤነኛውንም ቢሆን ቀቅላችሁ ስጡ።

«ቫይታሚን ሲ የዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ ይከላከላል ወይ?» (አንኮበር)

አይከላከልም። ውሻ ሲን በራሱ ጉበት ይሠራል። ዳሌን የሚጎዳው የዘር ውርስና ክብደት ነው። ስትገዛ የወላጆቹን አረማመድ እይ።

«የልጆቼን የሚታኘክ ቫይታሚን ባካፍለውስ?» (ደብረ ብርሃን)

አታድርጊው። ብረት ያለው የሰው ክኒን ሲበዛ ይመርዛል። አንዳንዱ ማጣፈጫው ዛይሊቶል ነው፤ እሱ ትንሹም ቢሆን የውሻን ስኳር ጥሎ ሊገድል ይችላል። ጠርሙሱን አፉ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው።

«ጥሬ እንቁላል?»

ቀቅለው። ጥሬው ነጭ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን አስሮ ያስቀራል።

«8 ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት በቀኝ የፊት እግሩ ያነክስ ነበር፣ አሁን በግራው ሆነ። ቫይታሚን አንሶት ነው?» (ለሚ)

በጀርመን ሸፐርድ በዚህ ዕድሜ እግር እየቀያየረ የሚያነክስ ሕመም አለ። የረጅሙ አጥንት ውስጠኛ ክፍል ነው የሚቆጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜው ይተዋል። ነገር ግን ሌላ ነገርም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይዳስሰው። የሰው የሕመም ማስታገሻ አትስጠው፣ አይቡፕሮፌን በተለይ።

«ዶክተር፣ ከሰፈሩ ሁሉ ትልቁ ውሻ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው። ምን ልስጠው?» (ደብረ ብርሃን)

የሚደርስበትን ቁመት ዘሩ ወስኖታል። አንተ መወሰን የምትችለው እዚያ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ነው፤ ቀስ ብሎ ይድረስ። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ላይ ላብራዶር የሚባል ዝርያ 48 ውሾችን ከቡችላነት ጀምሮ እስኪሞቱ ተከታትለዋቸዋል። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ ይበሉ ነበር። እነሱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ተጨማሪ ዕድሜ ኖሩ፤ የዳሌ ሕመማቸውም ዘገየ።

እጅህን ጎኑ ላይ አድርግ። ጎድኑን በቀላሉ ልትቆጥረው ይገባል፣ ግን ከሩቅ መታየት የለበትም። ከላይ ስታየው ወገቡ ይግባ። የእኛ አገር ብርድ ግን ይበላል። ሌሊት ውጭ የሚያድር ከሆነ ከሙቅ ቤት ውሻ ትንሽ ይጨመርለት፤ ደረቅ ጭድ ይነጠፍለት።

«ጓሳ አጠገብ ነን። ውሻችን ከብት ተከትሎ ሜዳ ይውላል። ለእሱ ቫይታሚን ወይስ ክትባት ይቅደም?» (መንዝ)

ክትባት። በ3 ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከተገኘ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ተላላፊ በሽታ ክትባትም። ለቤተሰብህ ነው፣ ለውሻህም ነው። ለቀይ ቀበሮም ነው። አገሪቱ ውስጥ የቀሩት ጥቂት መቶ ናቸው፤ ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋናዎቹ ከእኛ ውሾች የሚተላለፉት እነዚህ ሁለት በሽታዎች ናቸው።

«የ3 ወሩ ሸፐርድ ባለቤት ነኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት። ዱቄቱን አቆምኩ። አሁን ምን ልከታተል?»

ክብደቱን። የእህል ሚዛን ያለው ጎረቤት ካለህ አንተ አቅፈኸው ውጣ፣ ከዚያ ብቻህን ውጣ፣ ቀንሰው። በየሁለት ሳምንቱ ደብተር ላይ ጻፈው። ፊት ለፊትህ አቁመህ የፊት እግሮቹን ፎቶ አንሳ፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይሁን። እስከ 6 ወሩ በቀን 3 ጊዜ አብላው። ደረጃ ላይ አታሯሩጠው። መዳፉ ወደ ውጭ መዞር ከጀመረ ፎቶዎቹን ይዘህ ና።