ስታትስቲክስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው። «ስታትስቲክስ ሥራ አለው ወይ? ሒሳቡስ ይከብዳል? ሰው ተመድቦ እንጂ ወዶ አይገባበትም ይሉኛል» ብለሻል። እኔ ከተመረቅኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ እንጀራዬ እሱው ነው።

የሚሉሽ እውነት ነው። እኛም ክፍል አብዛኛው ተመድቦ የመጣ ነበር። ለእኔም ሦስተኛ ምርጫዬ ነበር። መጀመሪያ ላይ አያስፈራም፤ አማካይ፣ ሚዲያን፣ የድግግሞሽ ሰንጠረዥ ነው። ሰው የሚንገዳገደው ፕሮባቢሊቲና ኢንፈረንስ (ከጥቂት ናሙና ተነስቶ ስለ ብዙኃኑ መደምደም) ሲመጡ ነው። እዚያ ካልኩለስ ይፈለጋል፤ በተለይ ኢንተግሬሽን። ክረምቱን እሱን ብቻ ብትከልሺ ግማሹ ሸክም ይወርድልሻል። ካልኩለስን ከልብሽ የምትጠዪ ከሆነ ግን ሌላ ምረጪ፤ አልዋሽሽም።

ትምህርቱን የወደድኩት አንድ ቀን ነው። የዲሞግራፊ (የሕዝብ ጥናት) መምህራችን የ1999ኙን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዕድሜ ሰንጠረዥ አምጥቶ በግራፍ ሳሉት አለን። 30 ላይ ተራራ ወጣ፤ 31 ላይ ገደል። 35 ላይ ኮረብታ፤ 40 ላይ እንደገና ተራራ። «31 ዓመት የሆነው ሰው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀን። የትም አልሄደም። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ያጠጋጋል። ቁጥር ከሰው አፍ እንደሚወጣ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የሁለተኛ ዓመት ክረምት ላይ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ወረድኩ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቡና እየቆሉ የበኩር ልጃቸውን ዕድሜ ጠየቅኳቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ደርግ ሲወድቅ ጡት ይጠባ ነበር» አሉኝ። ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ነው። ድክ ድክ ይል ነበር ወይ? ታናሹ ከስንት ክረምት በኋላ ተወለደ? እንዲህ እያልን አንድ ቁጥር ላይ ደረስን። ለጥናቱ በዕጣ የተመረጠው ቤት ዝግ ሲሆንም ጎረቤቱን ጠይቆ መሄድ ይቀላል። ሱፐርቫይዘራችን ግን ማታ ተመለሱ ይለን ነበር። ልክ ነበር። ቀን ቤቱ የማይገኘው እርሻ የዋለው ሰው ነው፤ እሱን በጎረቤቱ ከተካሽ ጥናትሽ ቤት የዋለውን ሰው ብቻ ያያል። የሳምፕሊንግ (የናሙና አመራረጥ) መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ነው የተነበበልኝ። ዕድሉ ከተገኘ፣ አበሉ ትንሽም ቢሆን ሂጂ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ማስታወቂያ ላይ «ስታትስቲሺያን» የሚል ብቻ ብትፈልጊ ተስፋ ትቆርጫለሽ። «ዳታ አናሊስት»፣ «ሞኒተሪንግ ኤንድ ኢቫሉዌሽን» (የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ)፣ ባንክ ውስጥ ደግሞ «ሪስክ» የሚለውን ተከታተይ። ጤና ቢሮዎችና የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎትም አሉ። አገራችን ከ1999 ወዲህ ሕዝቧን አልቆጠረችም። ዛሬ የምንሰማው የሕዝብ ብዛት ሁሉ ግምት ነው፤ ግምቱን በአግባቡ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ የሥራ ፈተናዬን ወድቄያለሁ። ኮምፒውተር ላይ የኤክሴል ፋይል ሰጡኝ። አንዱ ወረዳ በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፏል። ዕድሜ ውስጥ እዚህም እዚያም 999 አለ። እኔ ቀጥታ አማካዩን አሰላሁ፤ 96 ወጣ! 999 ማለት «መልስ አልተገኘም» የሚል ኮድ ነው። ግቢ ውስጥ አኖቫን (የብዙ ቡድኖችን አማካይ የሚያነጻጽረውን ስሌት) በእጄ እየሠራሁ ኤ አምጥቻለሁ፤ የተዝረከረከ ዳታ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እስከምትመረቂ አትጠብቂ። አር (R) የሚባለው የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ከአሁኑ አውርጂው። ላፕቶፕ ባይኖርሽ የግቢውን ላብ ተጠቀሚ። ሌላውን ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስን እዚያው ያስተምሩሻል፤ ስታታ የሚባለውን ደግሞ ብዙ ድርጅቶች ይጠይቃሉ።

በእኛ ጊዜ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር፤ አሁን ከፍሬሽማኑ ጋር አራት ሆኗል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም ስላለ የየኮርሱን ማስታወሻ አትጣዪ። የእኔ የፕሮባቢሊቲ ደብተር እስካሁን አለ። ቅዳሜ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ።