ግድግዳው ሸክሙን ሲጥል፦ ስለ ጎቲክ ካቴድራሎች ለጠየቃችሁኝ

የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል በ2019 ተቃጥሎ በ2024 መልሶ ስለመከፈቱ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ጎቲክ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ የተስፋፋ የሕንፃ አሠራር ስልት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ከውጭ የተደገፉት የድንጋይ ክንዶች ምንድን ናቸው? ሕንፃው ሊወድቅ ሲል የተደገፈ ይመስላል።»

ዓይንዎ አልተሳሳተም፤ ድጋፍ ናቸው። የድንጋይ ጣሪያ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። ሁለት መጽሐፍ አናታቸውን አነካክተው ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ፤ እግራቸው ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ጣሪያውም እንደዚያው ነው። የቀድሞ ግንበኞች መላቸው ግድግዳውን ማወፈር ነበር። ወፍራም ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰፊ መስኮት መክፈት ያስፈራል፤ ውስጡ ይጨልማል።

የጎቲክ ግንበኞች ጣሪያው ላይ የጎድን አጥንት የሚመስሉ የድንጋይ ዘንጎች ዘረጉ። ዘንጎቹ ክብደቱን ሰብስበው ወደ ምሰሶዎች ያወርዳሉ። ወደ ጎን የሚገፋውን ደግሞ የውጭው ክንድ ተቀብሎ መሬት ያደርሰዋል። ግድግዳው ሸክሙን ጣለ ማለት ነው። በቦታው መስታወት ገባ። ለእኔ የጎቲክ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

«ቅስቱስ ለምን ሾለ?»

ግማሽ ክብ ቅስት ቁመቱን የሚወስነው ስፋቱ ነው። ሹሉን ግን ጠባብም ሰፊም ቦታ ላይ እኩል ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ወደ ጎን የሚገፋውም ያንሳል። በእስልምናው ዓለም ቀድሞ የታወቀ ነበር። አበምኔት ሱዤ ፓሪስ አጠገብ ባለው የሳን ደኒ ገዳም በ1144 ያስመረቀው ክፍል ሹል ቅስትን፣ የድንጋይ ዘንግንና ሰፊ መስኮትን አንድ ላይ በማዋሃዱ ነው የጎቲክ መነሻ የሚባለው።

«መስኮቶቹ የተሳሉ ናቸው?»

በከፊል። ቀለሙ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮ የሚገባ ነው፤ ሰማያዊው ከኮባልት ይመጣል። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዛቸው የእርሳስ ብረት ነው። በብሩሽ የሚሳለው የፊት፣ የጣትና የልብስ እጥፋት መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ እሳት ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። ፈረንሳይ ያለው ሻርትር ካቴድራል ከሄዱ የታችኞቹን መስኮቶች ጠጋ ብለው ይዩ። ከቅዱሳኑ ሥር ዳቦ ጋጋሪዎች ከነቅርጫታቸው፣ ጫማ ሰሪዎችም ሥራቸው ላይ አሉ። እኔ ከሁሉም እነሱን እወዳለሁ።

«ቤተ ክርስቲያን ላይ ጭራቅ ምን ይሠራል?»

አፋቸውን ከፍተው ወደ ውጭ የተንጠለጠሉት አሸንዳዎች ናቸው። የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው አርቀው ይተፉታል። የኖትርዳም ሰገነት ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ ከተማውን የሚያየው ቀንዳም ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭማሪ ነው።

«የፈረሰ የለም?»

አለ፤ የፈረንሳዩ ቦቬ ካቴድራል። ጣሪያውን 48 ሜትር ገደማ ሰቀሉት። በ1272 አለቀ፣ በ1284 ከፊሉ ተደረመሰ። በምሰሶዎቹ መሀል ሌላ ምሰሶ ጨምረው አቆሙት። በኋላ ደግሞ ከመሬት 153 ሜትር የሚደርስ ማማ ጫኑበት፤ በ1569 ተፈጸመ፣ በ1573 በዕርገት ዕለት ወደቀ። ሕዝቡ የሚቆምበት ረጅሙ ክፍል እስከ ዛሬ አልተሠራም።

«ኮሎኝ ነው የምኖረው። ከባቡር ጣቢያው ስወጣ ፊት ለፊቴ ያለው ካቴድራል እውነት 600 ዓመት ፈጀ?»

632። በ1248 ተጀመረ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ተቋረጠ፣ በ1842 እንደገና ተጀምሮ በ1880 አለቀ። ባልተጨረሰው ማማ ላይ የእንጨት ክሬን ለብዙ መቶ ዓመታት ተገትሮ ኖሯል። የፊት ገጹ የመካከለኛው ዘመን ንድፍ በብራና ላይ ነበር። ግማሹ በ1814 በጀርመኗ ዳርምሽታት፣ ሌላው ግማሽ በ1816 ፓሪስ ተገኘ። 157 ሜትር የሚሆኑትን ሁለቱን ማማዎች የጨረሱት ያንን ብራና ዘርግተው ነው።