ስለ እንቁላል ጠይቁኝ፦ ከቅርፊት እስከ አስኳል

የተማርኩት የምግብ ኬሚስትሪ ነው። በዓል ሲደርስ ስለ እንቁላል የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። እስቲ እዚሁ እንጨርሰው።

ጥያቄ፦ ለዶሮ ወጥ የቀቀልኩት እንቁላል አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆነብኝ። ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ አትጣይው! ነጩ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሰልፈር አላቸው። እሳት ሲበዛባቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውም በእሱ ነው። ጋዙ አስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ያንን አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል። ጉዳት የለውም፣ መልኩ ነው የሚያስጠላው። ብዙ አትቀቅዪው፤ ከእሳት እንደወጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው። ወጡ ውስጥ ደግሞ ሊወርድ ሲል ጨምሪው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ያለው የመቀቀያ ሰዓት አልሠራልኝም። አዲስ አበባ ነኝ።

መልስ፦ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ነጩ ከ62 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ደግሞ ከ65 እስከ 70 ባለው ውስጥ። ዋናው የነጩ ፕሮቲን ኦቫልቡሚን ግን ወደ 80 ካልተጠጋ አይጠነክርም። ስለዚህ ይበስላል፣ ግን ይዘገያል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ገና የተጣለ እንቁላል ቀቅዬ ስልጥ ነጩ ተቦጫጭቆ ያልቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢ። ገና የተጣለ እንቁላል ነጩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው ቁጥር) ዝቅ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ ነጩ ቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል። ፒኤቹ ወደ 9 ከፍ ሲል መጣበቁም ይላላል። ጊዜ ከሌለሽ ውሃው ከፈላ በኋላ ክተቺው።

ጥያቄ፦ የሐበሻ እንቁላል አስኳሉ ደማቅ ነው። ከፈረንጁ ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ ቀለሙ የመኖ ጉዳይ ነው። ቅጠልና ቢጫ በቆሎ የምትለቅም ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። ፕሮቲኑ በቀለሙ አይጨምርም። በጣዕም ከመጣችሁ ግን እኔም ምርጫዬ የሐበሻው ነው።

ጥያቄ፦ ጂም ስለምሠራ ነጩን ብቻ ጥሬውን እጠጣለሁ።

መልስ፦ ተው! ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ጥሬ ነጭ ውስጥ ያለው አቪዲን ደግሞ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዝብሃል። ሲበስል ግን ኃይሉን ያጣል። ደግሞስ ነጩ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ቫይታሚን ኤና ዲ ያሉት አስኳሉ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ከቶ አረፋ ያስወጣል። አደጋ አለው?

መልስ፦ የለውም፣ ይሞክር። ቅርፊቱ 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አቼቶው ያሟሟዋል፣ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ቅርፊት የሌለው፣ በሽፋኑ ብቻ የተያዘ እንቁላል ያገኛል። ሰፋ ያለ ሳህን ይስጡት፤ ከፈነዳ የሚያጸዱት እርስዎ ነዎት።