መልስ፦ ታድሶ የሚሸጥ በእንጨት የሚነድ ምድጃ መግዛት ያዋጣል?
ወንድሜ፣ «የታደሰ የእንጨት ምድጃ ልግዛ ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ?» ላልከው፣ አካሉ ጤነኛ ከሆነ የታደሰውን ግዛ። እኔን የሚያሰጋኝ አዲስ የተቀባው ቀለም ነው፤ ስንጥቅ ይሸፍናል። የእጅ ባትሪ አብርተህ ውስጡ አስቀምጥ፣ በሩን ዝጋ፣ ክፍሉን አጨልመህ ዙሪያውን ተመልከት። በመጋጠሚያው ብርሃን ሾልኮ ከታየህ ጭሱም በዚያው ይወጣል። በተለይ የካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ምድጃ ከተሰነጠቀ በብየዳ ማዳን ከባድ ነውና እሱን ተወው።

በሩን ደግሞ በወረቀት ፈትነው። ቁራጭ ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳብ፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ የዙሪያው ማሸጊያ ገመድ አልቋል ማለት ነው። ይሄ ግን በቀላሉ ይቀየራል፣ ከመግዛት አያስቀርህ። የውስጡ ጡብ መሰንጠቅም እንደዚያው።

የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከምድጃው መውጫ እንዳይጠብ። ከእሳቱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ በእንቅልፍህ ሊገድልህ ይችላል፤ እባክህ የዚህን ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ሳትሰቅል እንዳታነድ።

የመጀመሪያ ቀን ቀለሙ ስለሚሸት በትንሽ እሳት ጀምር፣ መስኮትም ክፈት። እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ደረቅ ይሁን።