«ሁላችንም እንደምናውቀው» የሚለው ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣

ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ያሳለፍኳቸው ዓመታት ከእናንተ ዕድሜ ይበልጣሉ። በነዚያ ዓመታት ተማሪዎቼን ደጋግሞ ያስቸገራቸው «ሰው ምን ይለኛል» በሚል ፍርሃት የሚኖረውን ማኅበረሰብ የሚተች የስላቅ ወግ ነው። «ጸሐፊው ምጸት፣ ግነትና ድግግሞሽ ተጠቅሟል» ብለው ይጽፉና ወረቀቱን ያስረክባሉ። ስሞቹ ትክክል ናቸው። ቃሉ አንባቢው ላይ ምን እንደሠራ ግን ገና አልተነገረም።

አስቀድማችሁ ተናጋሪውን ከጸሐፊው ለዩ። የአየርላንዱ ስላቅ ጸሐፊ ጆናታን ስዊፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1729 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአየርላንድ ድሆች የአንድ ዓመት ልጆቻቸውን ለሀብታሞች ገበታ እንዲሸጡ የሚመክር ሰው ፈጠረ። ሰውዬው አይጮህም፣ አይሳደብም። በየዓመቱ ከድሆች የሚወለዱትን 120,000 ሕፃናት ያሰላል፤ 20,000ውን ለዘር ያስቀራል፤ 100,000ውን ለሽያጭ ያቀርባል። የሚያስደነግጠው ይህ እርጋታው ነው። ስዊፍት ራሱ የሚያምንባቸው መፍትሔዎች ያሉት ደግሞ ተናጋሪው «እነዚህን ማንም እንዳያነሣብኝ» ብሎ በሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ከአገር ውጭ በሚኖሩ ባለርስቶች ላይ ግብር መጣል አንዱ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ እዚህ ግን ኅብረ ቃል፣ ማለት ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ አትፈልጉ፤ ሰሙ ራሱ ተናጋሪው ነው።

አሁን ለክፍል ማስተማሪያ የጻፍኳትን ይህችን አጭር ምሳሌ በዝግታ አንብቡልኝ።

«ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ኮቱን ሳይቆልፍ የሚሄድ ሰው ለማኅበረሰቡ ሰላም ጠንቅ ነው። ስለሆነም እንዲቆልፍ በፍቅር ተመክሯል፤ ባይሰማ ኮቱ ይወሰድበታል።»

«የሰላም ጠንቅ» የሚያህል ከባድ ቃል በአንዲት ቁልፍ ላይ ተጭኗል፤ ግነቱ ይህ ነው። «በፍቅር» የሚለው ለስላሳ ቃል ኮት መቀማትን ይሸፍናል። ቅጣቱም ራሱን ያፈርሳል፤ ኮቱ የተወሰደበት ሰው ምኑን ይቆልፋል? እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «ተመክሯል» ነው። መካሪው የለም። ቋንቋችን «ይባላል»፣ «ተብሎ ይታመናል»፣ «እንደሚታወቀው» እያለ ባለቤቱን ለመሰወር እጅግ የተመቸ ነው፤ ስላቅ ጸሐፊም ይህን አውቆ ይጠቀምበታል። አንዲት ተማሪ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር በእርሳስ «ማን መከረው?» ብላ ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ። አንድም የዘይቤ ስም አልጠቀሰችም። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት፤ ዛሬም ቢሆን እሰጣታለሁ።

«ወግ» የሚለው ቃላችን ድርሰቱንም ልማዱንም በአንድ ስም መጥራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ልማድን የሚተች ወግ የልማዱን ድምፅ ተውሶ ይናገራልና።

«ሁላችንም» ለምን ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት ከፈለጋችሁ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ያደረጋቸውን ሙከራዎች አስቡ። ጥያቄው የመስመሮችን ርዝመት ማወዳደር ብቻ ነበር፤ መልሱ በዓይን ይታያል። ቀድመው የመለሱት ግን ከተመራማሪው ጋር ተመካክረው የተሳሳተውን መስመር ጠሩ። ይህን ሳያውቁ በረድፉ መጨረሻ አካባቢ ተቀምጠው ተራቸውን ከጠበቁት ተፈታኞች ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቡድኑ ጋር ተሳሳቱ። ከቡድኑ አንድ ሰው እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ። የስላቅ ጸሐፊው «ሁላችንም» ሲል እናንተን ከዚያ ረድፍ መጨረሻ ላይ አስቀምጧችሁ ተራችሁን እየጠበቀ ነው። በልባችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ከሆነ አትፈሩ፤ የት ላይ እንደነቀነቃችሁ ምልክት አድርጉ። የትንታኔያችሁ መነሻ እዚያ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ወግ ሲገጥማችሁ፣ እርሳስ አንሡና «ሁላችንም እንደምናውቀው» የሚለውን ሰርዛችሁ «እኔ እንደማውቀው» ብላችሁ ተኩ፤ «ተመክሯል»ንም «መከርኩት» አድርጉት። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።