ካውንስለሩ ቢበድለኝ ለማን አቤት ልበል?

ዛሬ የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በብሪታንያ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን የደረሱን ናቸው። ጥያቄያቸው ይለያይ እንጂ ጉዳያቸው አንድ ነው፤ የአካባቢያቸው የካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) ተመራጭ፣ ማለትም የካውንስለሩ ጠባይ።

ጥያቄ፦ ቤቴን ሻጋታ ስለወረሰውና ልጆቼ ሳል ስላልለቀቃቸው፣ ካውንስለሩ ነዋሪ በሚያነጋግርበት ቀን ሄድኩ። በእንግሊዝኛዬ አፌዘብኝ፤ «እናንተ ሰዎች ከማማረር ሌላ አታውቁም» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ለራሱ በኢሜይል ጻፍኩለት፤ ለፓርቲውም ላክሁ። ሁለት ወር አለፈ፣ ዝም ብለዋል። ወዴት ልሂድ? (እናት፣ ከሰሜን ለንደን)

መልስ፦ አቤቱታዎ መሠረት አለው፤ ትክክለኛው ሰው እጅ ግን አልገባም። ፓርቲው አባሉን በራሱ ደንብ ሊገሥጽ ይችላል። የካውንስሉን የሥነ ምግባር ደንብ ጥሷል ብሎ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም።

በእንግሊዝ እያንዳንዱ ቦሮ፣ ዲስትሪክት፣ ካውንቲና ዩኒተሪ ካውንስል «ሞኒተሪንግ ኦፊሰር» የሚባል ሹም እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ተመራጭ ሳይሆን ደመወዝተኛ ነው። አቤቱታዎ የሚሄደው ለእርሱ ነው። በካውንስሉ ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ ይህንኑ የሹመት ስም በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ቅጹና ኢሜይሉ ይገኛል። ስለ ቆሻሻ ማንሳትና ስለ ቤት ጥገና በሚሞላው የተለመደ የቅሬታ ቅጽ አይላኩት፤ እርሱ ሌላ ክፍል ገብቶ ይቀራል። በፓሪሽ ወይም በታውን ካውንስል (ከሁሉ በታች ባለው የመንደር ወይም የከተማ ምክር ቤት) ተመራጭ ላይ የሚቀርብ አቤቱታም ቢሆን ለፓሪሹ ሳይሆን ከበላዩ ላለው ዲስትሪክት ወይም ዩኒተሪ ካውንስል ሞኒተሪንግ ኦፊሰር ነው የሚላከው።

ከመጻፍዎ በፊት የካውንስሉን የሥነ ምግባር ደንብ አውርደው ያንብቡ። በ2011 በወጣው የሎካሊዝም ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ካውንስል የራሱ ደንብ አለው፤ ስለዚህ የጎረቤት ቦሮ ደንብ ለእርስዎ አይሠራም። በ2020 የወጣውን የአካባቢ መስተዳድሮች ማኅበር ሞዴል ደንብ የተቀበሉ ካውንስሎች ሰውን በአክብሮት ስለ ማነጋገር፣ ማስፈራራትንና ማዋከብን ስለ መከልከል፣ በዘርና በመሳሰለው ስላለማድላት በግልጽ የተጻፉ አንቀጾች አሏቸው። የእርስዎን ጉዳይ የሚነካውን አንቀጽ ቁጥሩን ይያዙት።

ሁለት ገጽ ይበቃል። በዚህ ላይ ልማዳችን የሚጎዳን ይመስለናል። የማመልከቻ አጻጻፋችን ልመና ይበዛዋል፤ «በታላቅ ትሕትና» ብሎ ጀምሮ የኑሮን ችግር ሁሉ ዘርዝሮ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያደርሳል። ሞኒተሪንግ ኦፊሰሩ የሚፈልገው ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አለ፣ ማን ሰማ የሚለውን ነው። እንዲህ ይበሉ፦ «ሴፕቴምበር 16 ቀን ከሰዓት በኋላ 2፡20 ገደማ፣ በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት በነበረው የነዋሪዎች ማነጋገሪያ ላይ ካውንስለሩ በሌሎች ሁለት ነዋሪዎች ፊት የሚከተለውን ተናገረኝ። ይህም ስለ አክብሮት የተደነገገውን አንቀጽ ይጥሳል ብዬ አምናለሁ። የምጠይቀው የጽሑፍ ይቅርታ ነው።» ካውንስለሩ የተናገረውን በእንግሊዝኛ ከሆነ የሰሙት፣ ቃሉን እንዳለ ያስገቡ፤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ተመልሶ ሲተረጎም መልኩን ይለውጣል።

ሰዓቱንና ቀኑን ደጋግመው ያረጋግጡ። በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በእነርሱ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ መስከረም 6 ደግሞ እንደ ዓመቱ ሴፕቴምበር 16 ወይም 17 ይሆናል። ካውንስለሩ «በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበርኩም» ብሎ በማስረጃ ካሳየ፣ እውነተኛው አቤቱታ በአቆጣጠር ስሕተት ይወድቃል።

ነገሩ በስብሰባ ላይ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው ይቀልልዎት ነበር። ከ2014 ጀምሮ ማንም ሰው ለሕዝብ ክፍት የሆነን የካውንስል ስብሰባ መቅረጽ ይችላል፤ ቃለ ጉባኤውም ይታተማል። በማነጋገሪያ ክፍል ያለ የግል ንግግር ግን በዚህ መብት አይሸፈንም። ስለዚህ የሰሙትን ሰዎች ፈቃድ ጠይቀው ስማቸውን ይስጡ፤ የሚያስታውሱትንም ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩ። አንዳንድ ካውንስሎች ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ3 ወይም ከ6 ወር በኋላ የመጣን አቤቱታ ላይቀበሉ ይችላሉ። ሁለት ወር አልፎብዎታልና በዚህ ሳምንት ይላኩት።

ከደረሰው በኋላ ሞኒተሪንግ ኦፊሰሩ መጀመሪያ ያጣራል፤ ድርጊቱ ደንቡን የሚነካ ነወይ? ካውንስለሩስ በካውንስለርነቱ ነወይ የሠራው? ከዚያ ወይ ይዘጋዋል፣ ወይ በይቅርታና በሥልጠና እንዲያልቅ ይሞክራል፣ ወይ ወደ ምርመራ ይመራዋል። ሕጉ «ገለልተኛ ሰው» የሚለው ከካውንስሉ ውጭ የሆነ ሰው አለ፤ የተመረመረ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የእርሱ አስተያየት መጠየቅ ግዴታ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ገለልተኛው ሰው ተጠይቆ እንደሆነ ይዩ። በሕግ የተቆረጠ የቀን ገደብ የለም፤ ካውንስሉ በራሱ አሠራር የጻፈውን ቀን ይዘው ካለፈ በኢሜይል ያስታውሱ።

ስምዎ ለካውንስለሩ እንዳይነገር መጠየቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን «ጉዳት ይደርስብኛል» የሚያሰኝ ጠንካራ ምክንያት ከሌለ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። የተከሰሰ ሰው ማን እንደከሰሰው ማወቁ ለፍትሕ ያስፈልጋል፤ ይህን እኛም ትክክል ነው እንላለን።

የሻጋታውን ነገር ከዚህ ደብዳቤ ያውጡት። እርሱ የአከራይ ጉዳይ ነው። ቤቱ የካውንስል ወይም የሐውዚንግ አሶሲዬሽን ከሆነ መጀመሪያ የአከራዩን የቅሬታ ደረጃዎች ይጨርሱ፣ ካልተፈታ ለሐውዚንግ ኦምቡድስማን (የቤት ቅሬታ ለሚሰማው ገለልተኛ አካል) ያቅርቡ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት የጻፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው መልስ «ጉዳዩ የጥገና ነው» የሚል ነው፤ የስድቡ ነገር ተረስቶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቤት ለማግኘት ወረፋ ላይ ነኝ፤ ቪዛዬም ገና አልጸናም። ካውንስለሩን ብከስ ወረፋዬን ያሰርዝብኛል ብለው ወዳጆቼ አስፈራሩኝ። (ከምሥራቅ ለንደን)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባናል፤ ካውንስለር ቤት የሚያድል የሚመስለውም ሰው ብዙ ነው። አያድልም። በ1997 የወጣው የቤት አሰጣጥ ሥነ ሥርዓት ደንብ፣ ቤቱ በዋርዱ (ካውንስለሩ በተመረጠበት ቀጠና) ውስጥ ከሆነ ወይም አመልካቹ በዋርዱ የሚኖር ከሆነ፣ የዚያ ዋርድ ካውንስለር በውሳኔ ሰጪው አካል ውስጥ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። «ቤት አሰጥሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ወይም ውለታ የሚጠይቅ ካውንስለር ካጋጠመዎት ያ የፖሊስ ጉዳይ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ሆም ኦፊስ እንጂ ካውንስሉ አይደለም። አቤቱታ ለማቅረብም ዜግነት አይጠየቅም። ደብዳቤውን በላኩ ማግስት የሆነ ነገር ከተለወጠብዎት (ዛቻ፣ ስልክ፣ ወደ ሥራ ቦታዎ መምጣት) ቀኑን መዝግበው ለሞኒተሪንግ ኦፊሰሩ ወዲያው ይላኩ፤ ከሳሽን ማስፈራራት ራሱ ሌላ የደንብ ጥሰት ነው።

ጥያቄ፦ የዋርዳችን ካውንስለር በፕላኒንግ (የግንባታ ፈቃድ) ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚስቱ ቦታ ላይ ፎቅ እንዲሠራ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ በፊት ደግሞ የወንድሙን ሱቅ ፈቃድ ደግፏል። ሁለቱ እኩል ናቸው? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ካውንስለር በተመረጠ በ28 ቀን ውስጥ የገንዘብ ጥቅሙን ማስመዝገብ አለበት፦ ሥራውን፣ ከካውንስሉ ጋር ያለውን ውል፣ በአካባቢው ያለውን መሬትና ቤት፣ በአካባቢው ባለ ድርጅት ውስጥ ከ25,000 ፓውንድ በላይ ወይም ከጠቅላላው አክሲዮን ከመቶ አንድ በላይ የሆነ ድርሻ፣ ሌሎችም አሉ። ይህ የእርሱን ብቻ ሳይሆን የሚስቱን ወይም እንደ ሚስት አብራው የምትኖረውን ሴት ጥቅምም ይጨምራል። መዝገቡ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ሥር ይገኛል። የሚስቱ ቦታ እዚያ ከሌለ የገጹን ምስል ቀኑ እንዲታይ አድርገው ይያዙት፤ ነገ ሊጨመር ይችላል። የባለቤትነት ማስረጃውን በትንሽ ክፍያ ከመሬት መዝገብ ቤት ማውጣት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ጥቅም እንዳለው እያወቀ፣ ልዩ ፈቃድ ሳይሰጠው በውይይት የተካፈለ ወይም ድምፅ የሰጠ ካውንስለር በሎካሊዝም ሕጉ አንቀጽ 34 ወንጀል ፈጽሟል። ቅጣቱ የገንዘብ መቀጫና እስከ 5 ዓመት ከተመራጭነት መታገድ ነው። ይህ ለፖሊስ ይቀርባል፤ ለሞኒተሪንግ ኦፊሰሩም ግልባጭ ይላካል። ክስ የሚመሠረተው ግን በሕዝብ ክስ ዳይሬክተሩ (ዲፒፒ) ወይም በእርሱ ስም ብቻ ስለሆነ ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይቀራል።

ወንድም ግን በወንጀሉ አንቀጽ ውስጥ የለም። አጎትም፣ አበልጅም፣ የንግድ ሸሪክም እንዲሁ። እነዚህን የሚይዘው የሥነ ምግባር ደንቡ ነው፤ ሞዴል ደንቡ «ዘመድ» እና «የቅርብ ሰው» ይላቸዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ በስብሰባው መጀመሪያ «ጥቅም ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል። ያንን ገጽ ያውጡ። «ምንም የለም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ማስረጃዎ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ካውንስለሯ ለስድስት ኢሜይሌ አልመለሰችም፤ የማኅበረሰባችን አዳራሽ እንዲዘጋም ደግፋ ድምፅ ሰጠች። (ከሊድስ)

መልስ፦ ሁለቱም በዚህ መንገድ አያስኬዱም። ያልወደድነው ውሳኔ የሥነ ምግባር ጥሰት አይደለም፤ ኢሜይል አለመመለስም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በሊድስ እያንዳንዱ ዋርድ ሦስት ካውንስለሮች አሉት፤ ለሁለቱ ይጻፉ። ስለ አዳራሹ ደግሞ በስብሰባ ላይ የመናገር ወይም ፊርማ አሰባስቦ የማቅረብ መብት በካውንስሉ ደንብ ውስጥ አለና እርሱን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ካውንስለሩ በፌስቡክ ስደተኞችን ሲሳደብ አየሁ። ይቆጠራል? (ከማንቸስተር)

መልስ፦ የሚወስነው በየትኛው ባርኔጣው እንደጻፈው ነው። ደንቡ የሚይዘው በካውንስለርነቱ ሲናገር ነው፤ ሞዴል ደንቡ ደግሞ ያየ ሰው በካውንስለርነቱ እንደተናገረ ሊቆጥርበት የሚችለውንም ይጨምራል። ገጹ «ካውንስለር» ብሎ በስሙ ከተከፈተ ወይም ጽሑፉ ስለ ካውንስሉ ሥራ ከሆነ ይቆጠራል። ከዚህም ጋር በፖለቲካ ክርክር የመናገር ነፃነት ሰፊ ጥበቃ አለው፤ ጠንከር ያለ አስተያየትና በሰው ላይ የተወረወረ ስድብ አንድ አይደሉም። ምስሉን ከነአድራሻው፣ ከነቀኑ፣ ከነመገለጫው ያንሱት። ጥላቻ የሚቀሰቅስ ከሆነ ለፖሊስም ያመልክቱ።

እርስዎም በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ መልስ አይስጡ። በቅን ልቦና ለሚመለከተው አካል የቀረበ አቤቱታ በስም ማጥፋት ሕግ ጥበቃ አለው፤ በይፋ የተለጠፈ ውንጀላ ግን ያ ጥበቃ የለውም።

ጥያቄ፦ ጥፋተኛ ነው ተባለ፤ ግን አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ታዲያ ምን ለፋሁ? (ከደቡብ ለንደን)

መልስ፦ ቁጣዎ ተገቢ ነው። በእንግሊዝ የ2011ዱ ሕግ ካውንስልን ጥርስ አሳጥቶታል፤ ቀድሞ የነበረው የማገድና ከወንበር የማንሣት ሥልጣን ተነሥቷል። የቀረው ተግሣጽ፣ ውሳኔውን በይፋ ማተም፣ ሥልጠናና ይቅርታ መጠየቅ፣ ፓርቲው ከኮሚቴ እንዲያወጣው ማሳሰብ ነው። የሕዝብ ሕይወት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በ2019 እስከ 6 ወር የማገድ ሥልጣን እንዲመለስ መክሯል፤ መንግሥትም በዲሴምበር 2024 ስለዚሁ የሕዝብ አስተያየት ጠይቋል። ይህ መመለስ አለበት ብለን እናምናለን።

እስከዚያው ውሳኔው ሙሉ ጽሑፉ መታተሙን ይጠይቁ። ይግባኝ በሕግ የለም። ካውንስሉ አቤቱታዎን የያዘበት መንገድ ጉድለት ካለበት ግን (ገለልተኛውን ሰው አለመጠየቅ፣ ያለ ምክንያት ማዘግየት፣ የራሱን አሠራር አለመከተል) ችግሩን ባወቁ በ12 ወር ውስጥ ለአካባቢ መስተዳድርና ማኅበራዊ ክብካቤ ኦምቡድስማን ያቅርቡ። እርሱ ሂደቱን እንጂ ካውንስለሩን አይዳኝም፤ የፓሪሽ ካውንስልንም አይመለከትም።

ጥያቄ፦ እኛ ኤድንብራ ነን፤ እህቴ ደግሞ ካርዲፍ። ሕጉ አንድ ነው? (ከኤድንብራ)

መልስ፦ አይደለም፤ የእናንተ የተሻለ ነው። በስኮትላንድ አቤቱታው በቀጥታ ለኤቲካል ስታንዳርድስ ኮሚሽነር ይቀርባል፤ ስታንዳርድስ ኮሚሽኑም ሰምቶ እስከ 1 ዓመት ማገድ፣ እስከ 5 ዓመት ከተመራጭነት መከልከል ይችላል። እህትዎ ለዌልስ የሕዝብ አገልግሎት ኦምቡድስማን ትጻፍ፤ በዚያም የዳኝነት ፓነሉ እስከ 1 ዓመት ሊያግድ፣ እስከ 5 ዓመት ሊከለክል ይችላል። በሁለቱም አገሮች በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ በእንግሊዝ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አይሰጥም። ስማችሁ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን ለምርጫ ክፍሉ ደውላችሁ አረጋግጡ።